ነቀርሳን በባሕር ጃርት እንቁላል ውስጥ የፈለጉ ሊቅ

ከዲላ ከተማ ተነሥቶ የሞያሌን መንገድ ይዞ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ወናጎን አልፎ ይርጋ ጨፌ ይደርሳል። በዚያው በይርጋ ጨፌ አካባቢ ኮንጋ የምትባል የቡና አገር አለች። የኮንጋ ስም በዛሬው ጊዜ በውጭ አገር ቡና ቤቶች ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ተጽፎ ይነበባል። የጌዴኦ ገበሬ ታላላቁን ዛፍ ለጥላ ትቶ፣ ከሥሩ እንሰቱን ተክሎ፣ ከእንሰቱም ጋር ቡናውን አስማምቶ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ይህ ከአባት ከአያት የወረሰው አሠራር በአውሮፓ አቆጣጠር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦለታል።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ዛሬ የምናወራው ስለ ቡናው ዋጋም ሆነ ስለ ጣዕሙ አይደለም። ከኮንጋ ቡና አንዲት ቅጠል ቆርጠን በአጉሊ መነጽር ብንመለከት፣ ቅጠሏ የተሠራችባቸው ጥቃቅን ሕዋሶች እያንዳንዳቸው 44 ክሮሞሶም ይዘው እናገኛለን። ክሮሞሶም ማለት በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ያለ፣ ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍበት ቀጭን ክር ነው። የሚያስደንቀው ግን በየዱሩ የሚበቅሉት የቡና ዘመዶች ሁሉ ማለት ይቻላል 22 ብቻ ያላቸው መሆናቸው ነው። የእኛው ዐረቢካ ከረዥም ዘመን በፊት ሁለት ልዩ ልዩ የቡና ዓይነቶች፣ ይኸውም ዛሬ ሮቡስታ የሚባለው ካኔፎራና ዩጂኒዮይደስ የሚባለው ተገናኝተው የሁለቱንም ሙሉ ሀብት ጠቅልሎ በመውረሱ እጥፍ ሆኗል። እጥፍ መሆኑም አልጎዳውም። እንዲያውም እንደምናየው ለምቶ፣ አፍርቶ፣ አገር ይመግባል።

በሰው አካል ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የሰው ሕዋስ 46 ክሮሞሶም አለው። ከመቅኒው ውስጥ አንዲት ሕዋስ አንድ ብታጎድል ወይም ጥቂት ብትጨምር፣ ወይም የአንዱ ክሮሞሶም ቁራጭ በሌላው ላይ ቢቀጠልባት፣ የደም ነቀርሳ ልትሆን ትችላለች። እንግዲህ ቡናው እጥፍ ሆኖ ሲድን ሰው በአንዲት ጉድለት የሚታመመው ስለ ምንድን ነው? ይህን እንቆቅልሽ በመጀመሪያ የፈቱት ሰው ሐኪም አልነበሩም፤ የነቀርሳ በሽተኛም አላከሙም። ሥራቸው የፈረስ ወስፋትና የባሕር ጃርት እንቁላል መመልከት ነበር። እኒህ ሰው ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ቴዎዶር ቦቬሪ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸውን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ቴዎዶር ቦቬሪ በባቫሪያ አገር ባምበርግ በምትባል ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1862 ተወለዱ። ስማቸው በእኛ አጠራር ቴዎድሮስ ማለት ነው። አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ወር የእኛው ዐፄ ቴዎድሮስ ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ያን ብዙ መዘዝ ያስከተለ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። የሕፃኑ አባት ሐኪም ሲሆኑ፣ በቤቱ ውስጥ ሙዚቃና ሥዕል የተወደደ ነገር ነበር። ቴዎዶርም ፒያኖ መጫወትና ሥዕል መሣል ከልጅነታቸው የለመዱ በመሆናቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተለዩአቸውም። ወንድማቸው ዋልተር ቦቬሪ በኋላ መሐንዲስ ሆኖ በ1891 በስዊስ አገር ብራውን ቦቬሪ የተባለውን ታላቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ፋብሪካ ከባልንጀራው ጋር አቋቁሟል። ስለዚህ ብዙ ሰው ቦቬሪ ሲባል የሚያስታውሰው የፋብሪካውን ስም ነው፤ የወንድምየውን ሥራ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ወጣቱ ቴዎዶር በኑረምበርግ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1881 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። መጀመሪያ የመረጡት ታሪክና ፍልስፍና ነበር። ወዲያው ግን ልባቸው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ አዘነበለና የአካል ክፍሎችን ጥናት ያዙ። በ1885 ስለ ነርቭ ክሮች በጻፉት ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የሚቆይ የጥናት ድጎማ ስላገኙ እንጀራ ፍለጋ ሳያስጨንቃቸው በሪቻርድ ሄርትቪግ የእንስሳት ጥናት ተቋም ውስጥ እንደ ልባቸው የሚመራመሩበት ጊዜ አገኙ። አንድ ወጣት ተማሪ ያለ ሐሳብ የሚሠራበት ጥቂት ዓመት ቢሰጠው ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ ሰው ታሪክ መመልከት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ሊቃውንቱ በሕዋስ አስኳል ውስጥ ያሉትን ክሮች ካዩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር። ክሮሞሶም የሚለው ስም ራሱ የወጣው በ1888 ነው። ትርጉሙም ቀለም የሚይዝ አካል ማለት ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ክሮቹ በማቅለሚያ ሲነከሩ ደምቀው ስለሚታዩ ነው። ችግሩ ክሮቹ የሚታዩት ሕዋሱ ለሁለት ሊከፈል ሲል ብቻ መሆኑ ነው። ተከፍሎ ካበቃ በኋላ ይጠፋሉ። ታዲያ በሚቀጥለው ጊዜ ብቅ የሚሉት እነዚያው ናቸው ወይስ እንደ አዲስ የተሠሩ ሌሎች? ብዙዎቹ ሊቃውንት ክሮቹ ሟሙተው እንደ ገና የሚሠሩ ይመስላቸው ነበር።

ቦቬሪ ለዚህ ጥያቄ የመረጡት እንስሳ የፈረስ ወስፋት ነው። ወስፋት በአገራችን የማያውቀው የለም። የሰው ልጅ ወስፋትና የፈረሱ ወስፋት የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። እኛ በመድኃኒት አስወጥተን የምንጥለውን ትል ቦቬሪ እንደ ዕንቈ ይፈልጉት ነበር፤ ምክንያቱም የፈረስ ወስፋት ሕዋስ ያለው ክሮሞሶም አራት፣ በአንዳንዱ ዓይነት ደግሞ ሁለት ብቻ ነው። አርባና ሃምሳ ክር ከመቁጠርና ሁለትና አራት ክር ከመከታተል የትኛው እንደሚቀል ግልጽ ነው። ከእርሳቸው በፊት ቫን ቤኔደን የተባለ የቤልጂግ ሊቅ በ1883 በዚሁ ትል እንቁላል ላይ አባትና እናት እኩል ቁጥር ያለው ክሮሞሶም እንደሚያዋጡ አሳይቶ ነበር።

ቦቬሪ ከዚያ ተነሥተው እንቁላሉን በየደረጃው እያደረቁ፣ እያቀለሙ፣ ያዩትን ሁሉ በዚያ በሠዓሊ እጃቸው እየሣሉ ጥናታቸውን ከ1887 ጀምሮ በተከታታይ አሳተሙ። የደረሱበትም ነገር ይህ ነው፤ ክሮሞሶሞቹ በሕዋሱ መከፈል መጨረሻ ላይ ከዓይን ሲሰወሩ አይሟሙም። ሲሰወሩ በነበሩበት ቦታና አቀማመጥ እንደ ገና ብቅ ይላሉ። በሌላ አነጋገር እያንዳንዱ ክሮሞሶም የራሱ ሕልውና ያለው፣ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ሳይቋረጥ የሚወርድ ነው። እንዲሁም ሕዋሱ ሲከፈል ክሮቹን ወደ ሁለት ወገን የሚስበውን ማዕከል ተመልክተው ሴንትሮሶም የሚለውን ስም አወጡለት። ይህ ስም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። እኛም ከዚህ በታች ማዕከል ስንል ይህንኑ ማለታችን ነው።

ሥራቸው እንዲህ እየሰመረ ሳለ በ1890 ከባድ ሕመም ያዛቸው። የመንፈስ ጭንቀትና የድካም ሕመም ስለ ነበረ ለብዙ ጊዜ ሥራ አስፈታቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሕመሙ እየሄደ እየመጣ ዕድሜያቸውን በሙሉ አብሮአቸው ኖሯል። ቢሆንም በ1893 ገና ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው በቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያም ከተማ እስከ ሞቱ ድረስ ኖሩ። የራጅ ጨረርን በ1895 በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያገኘው ቪልሄልም ረንትገን የቅርብ ወዳጃቸው ነበር። ኋላ በ1935 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሐንስ ሽፔማን ደግሞ በእርሳቸው ሥር ተምሮ የወጣ ነው።

በ1896 ማርሴላ ኦግሬዲ የተባለች አሜሪካዊት ሊቅ ወደ ቩርትስቡርግ መጣች። በአገሯ በቫሳር የሴቶች ኮሌጅ የባዮሎጂ ክፍል ኃላፊ የነበረች፣ ከዚያም በፊት በቦስቶን በታወቀው የቴክኖሎጂ ተቋም በባዮሎጂ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። በዚያን ጊዜ የቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪ በሳይንስ ክፍል አያስገባም ነበርና የገባችው በልዩ ፈቃድ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ቦቬሪና ማርሴላ ተጋቡ። በ1900 ማርግሬት የምትባል ሴት ልጅ ወለዱ፤ እርስዋም ስታድግ ስመ ጥር ጋዜጠኛ ሆናለች። የቦቬሪን ሥራ የሚያደንቁ ብዙዎች ስለ ማርሴላ ዝም ብለው ያልፋሉ። እኛ ግን ሳንጠቅሳት ብናልፍ ታሪኩ ጎደሎ የሚሆን ይመስለናል። ምክንያቱም አሁን የምንተርከው ታላቅ ሙከራ ሲደረግ ሚስት ከባልዋ ጎን ቆማ ስትሠራ ነበር።

በኢጣልያ አገር በኔፕልስ ከተማ ባሕር ዳር ከ1870ዎቹ ጀምሮ የቆመ የባሕር እንስሳት ምርምር ጣቢያ አለ። ቦቬሪ ወደዚያ ደጋግመው ይሄዱ ነበር። ከ1901 እስከ 1902 ባለው ክረምትም ባልና ሚስት በዚያ ተቀምጠው በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ሠሩ። የባሕር ጃርት ማለት እንደ ጃርት እሾኻም የሆነ፣ ክብ፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖር ትንሽ የባሕር እንስሳ ነው። እንቁላሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ስለ ሆነ በውስጡ የሚደረገው ሁሉ በአጉሊ መነጽር ይታያል። የሴቲቱን እንቁላልና የወንዱን ዘር በአንድ ብርጭቆ የባሕር ውኃ ውስጥ አገናኝቶ ከጽንሱ መጀመሪያ አንሥቶ መመልከት ይቻላል።

የሙከራውን ነገር ትንሽ ዘርዘር አድርገን እንናገር፤ የቀረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነውና። በቦቬሪ ቆጠራ የባሕር ጃርት እንቁላል 18 ክሮሞሶም ይይዛል። የወንዱም ዘር ሌላ 18 ያመጣል፤ ድምሩ 36 ይሆናል። ሕዋሱ ሊከፈል ሲል እያንዳንዱ ክሮሞሶም ለሁለት ይሰነጠቅና አንዱ ግማሽ ወደ አንዱ ማዕከል፣ ሌላው ግማሽ ወደ ሌላው ማዕከል ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱ ልጆች ሕዋሶች በትክክል 36፣ 36 ይደርሳቸዋል። ይህ ደንበኛው መንገድ ነው።

የወንዱ ዘር በውኃው ውስጥ እጅግ ሲበዛ ግን አንዳንዱን እንቁላል ሁለት የወንድ ዘር በአንድ ጊዜ ይገቡበታል። ያን ጊዜ ክሮሞሶሙ ሦስት ጊዜ 18፣ ማለት 54 ይሆናል። እያንዳንዱ የወንድ ዘር የየራሱን ማዕከል ይዞ ስለሚገባና ማዕከሉም ለሁለት ስለሚከፈል በሕዋሱ ውስጥ አራት ማዕከሎች ይቆማሉ። እንቁላሉም በሁለት ፈንታ በአንድ ጊዜ ለአራት ይከፈላል። አሁን 54ቱ ክሮሞሶሞች ሲሰነጠቁ 108 ይሆናሉ። እነዚህን ለአራት የሚያካፍል ዳኛ ግን የለም። እያንዳንዱ ክር በአጋጣሚ በተጠጋው ሁለት ማዕከል መካከል ይጎተታል።

ነገሩን በቤታችን ምሳሌ እንየው። አንዲት እመቤት 18 ዓይነት ቅመም በሦስት በሦስት ቋጠሮ አድርጋ ቋጥራለች እንበል። ዓይኗን ጨፍና ሁሉንም በአራት ማሰሮ ብትበትነው የማሰሮዎቹ ክብደት ይቀራረብ ይሆናል። ነገር ግን አንዱ ማሰሮ በርበሬ በዝቶበት ጨው ያጣል፤ ሌላው ጨው ሞልቶት ኮረሪማ ያጣል። ከአራቱ ማሰሮ አሥራ ስምንቱም ዓይነት የተሟላለት ቢገኝ እንደ ተአምር ይቆጠራል። እንዲሁም ለአራት የተከፈሉት እንቁላሎች ለእያንዳንዱ ሕዋስ በአማካይ 27 ክሮሞሶም እያደረሱ ሳለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁሉም እየተበላሹ ሞቱ።

አንድ ተቺ ምናልባት 36 ስላልሞላላቸው ነው የሞቱት ብሎ ይከራከር ይሆናል። ቦቬሪ ለዚህም መልስ ነበራቸው። ከእናት ብቻ ወይም ከአባት ብቻ የተገኘ 18 ክሮሞሶም ያለው የባሕር ጃርት ጽንስ ያለ ችግር ሲያድግ ቀድሞ ታይቷል። 18 ያለው ሲያድግ 27 ያለው ስለ ምን ይሞታል? ስለዚህ ዋናው ነገር ብዛቱ አይደለም፤ ዓይነቱ ሳይጎድል መሟላቱ ነው። በተጨማሪም አራቱን ሕዋሶች አንድ በአንድ ለያይተው ሲያሳድጉአቸው እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ተበላሸ፤ አንዱ ቶሎ ሞተ፣ ሌላው ጥቂት ቆየ፣ ሌላው አንዱን አካል ሠርቶ ሌላውን ሳይሠራ ቀረ። እንቁላሎቹን በመነቅነቅ አራቱ ማዕከል ሦስት ብቻ እንዲሆን ባደረጉ ጊዜ ደግሞ የማሰሮዎቹ ቁጥር አንሶ የእያንዳንዱ ድርሻ ስለሚበዛ ደኅና ሆነው የሚያድጉት ቁጥር ከፍ አለ። እያንዳንዱ ክሮሞሶም የየራሱ ልዩ ሥራ እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልተገኘም ነበር። በዚያው ዘመን ዋልተር ሰተን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ በፌንጣ ላይ ሠርቶ ወደ ተመሳሳይ ሐሳብ ስለ ደረሰ፣ ዘር በክሮሞሶም መተላለፉን የሚያስረዳው ትምህርት በሁለቱ ስም ይጠራል።

አሁን የኮንጋው ቡና ነገር ይገባናል። ቡናው የሁለት ወላጆቹን ሀብት ሳያጎድል ሙሉ በሙሉ ስለ ያዘ ማሰሮው እጥፍ ሆነ እንጂ ቅመም አልጎደለበትም።

ቦቬሪ የ1902ቱን ጽሑፋቸውን ሲያዘጋጁ አንድ ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። ዳቪድ ፎን ሐንሰማን የተባለ የበርሊን ሐኪም በ1890 የነቀርሳ ሕዋሶች ሲከፈሉ በትክክል እንደማይካፈሉ፣ አንዳንድ ጊዜም ለሦስትና ለአራት እንደሚከፈሉ አሳይቶ ነበር። ቦቬሪ ይህ ሥዕል በኔፕልስ ካዩት ከተበላሸው እንቁላል ጋር እንደሚመሳሰል አስተዋሉ። እንግዲያስ አደገኛ እብጠት ማለት ክሮሞሶሞቹ ተሳስተው የተካፈሉባት አንዲት ሕዋስ ስትሆን፣ ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሕዋሶች ሲሞቱ አንዳንዷ በክፉ አጋጣሚ ሳትሞት ያለ ልክ የምትራባበት ነው ብለው አሰቡ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነገሩን በጥቂት ቃላት ጠቁመው አለፉ።

ሐኪሞቹ አልተቀበሏቸውም። የእንስሳት ተመራማሪ የሆነ ሰው፣ አንድ የነቀርሳ በሽተኛ ሳይመረምር፣ ከባሕር ጃርት ተነሥቶ ስለ ሰው በሽታ ሊያስተምር መምጣቱ ደስ አላሰኛቸውም። እውነቱን ለመናገር ትችቱ ጨርሶ መሠረት የሌለው አልነበረም። የሰው ክሮሞሶም ስንት እንደ ሆነ እንኳ በዚያ ዘመን በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። ቦቬሪም ራሳቸው ይህን ያውቁ ስለ ነበረ ነገሩን ለዓመታት ዝም አሉት።

በመካከሉ ዝናቸው እየገነነ ሄደ። በ1912 በበርሊን ሊቋቋም የታሰበውን የካይዘር ቪልሄልም የባዮሎጂ ተቋም በዳይሬክተርነት እንዲመሩ ተጠየቁ። የተቋሙን አቋም አሰቡ፣ ለየክፍሉም የሚሆኑ ሊቃውንትን መረጡ። ነገር ግን ጤናቸው እየደከመ ስለ ሄደ ሹመቱን ሳይቀበሉ ቀሩ። የመረጧቸው ሰዎች ግን ተቋሙን ታላቅ አደረጉት። ለሌላው ያዘጋጁትን ማዕድ ራሳቸው ሳይቀምሱት ቀሩ ማለት ይቻላል።

ታመው ሳሉ ግን ያን ለአሥራ ሁለት ዓመት ያመነቱበትን ሐሳብ መልሰው አነሡት። በ1914 ስለ አደገኛ እብጠቶች አመጣጥ የሚናገር 64 ገጽ ያላት አነስተኛ መጽሐፍ በየና ከተማ አሳተሙ። በዚህች መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች ዋና ዋናዎቹን ብንጠቅስ፣ ነቀርሳ ከአንዲት ሕዋስ ይጀምራል፤ ያቺ ሕዋስ የክሮሞሶሟ ስብስብ የተዛባ ነው፤ ከክሮሞሶሞች መካከል ሕዋሱ እንዲራባ የሚገፋፉ አሉ፣ እንዳይራባ የሚያግዱም አሉ፤ የሚያግደው ሲጎድል ወይም የሚገፋፋው ሲበዛ መራባቱ ልጓም ያጣል የሚሉ ናቸው። የራጅ ጨረርና ልዩ ልዩ ነገሮች ነቀርሳ የሚያመጡትም የሕዋሱን አከፋፈል እያዛቡ ሊሆን ይችላል ብለው ገመቱ። የተሳሳቱበትም ነገር አለ። ለአራት መከፈልን የመዛባቱ ዋና በር አድርገው ነበር የተመለከቱት፤ ዛሬ ግን ወደ ጥፋቱ የሚወስዱ በሮች ብዙ እንደ ሆኑ፣ ከሙሉ ክሮሞሶም ያነሰ ጥቂት ቁራጭ ብቻ ሲለወጥም በሽታው እንደሚነሣ ታውቋል።

መጽሐፏ በወጣችበት ዓመት የዓለም ጦርነት ተነሣ። የሊቃውንቱ ጉባኤ ተበተነ፣ ተማሪው ወደ ጦር ሜዳ ሄደ። ቦቬሪ ጥቅምት 15 ቀን 1915 በቩርትስቡርግ ሞቱ። ሃምሳ ሦስተኛ ዓመታቸውን ከያዙ ገና ሦስት ቀናቸው ነበር። ማስረጃውን ሳያዩ ነው የሄዱት።

ማስረጃው የመጣው ዘግይቶ ነው። የሰው ክሮሞሶም 46 መሆኑ በእርግጥ የታወቀው በ1956 በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ በቲዮና በሌቫን ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም 48 ነው ሲል ነበር። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሐንገርፎርድ በፊላዴልፊያ ከተማ ሥር በሰደደ አንድ ዓይነት የደም ነቀርሳ በተያዙ ሰዎች ላይ ከልክ ያነሰች አንዲት ክሮሞሶም አገኙ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባለች ሴት ሐኪም የዚያች ክሮሞሶም ቁራጭ ጠፍቶ ሳይሆን ከ22ኛው ወደ 9ኛው ሄዶ እንደ ተቀጠለ፣ የ9ኛውም ቁራጭ በፈንታው እንደ መጣ አሳየች። ኋላም ለዚህ ልውውጥ የተዘጋጀ ኪኒን ተገኝቶ ቀድሞ ይሞት የነበረው በሽተኛ ዓመታት የሚኖር ሆነ።

የቦቬሪ ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ግን ማይሎማ በሚባለው የመቅኒ ነቀርሳ ላይ ይመስለናል። በአጥንታችን መቅኒ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል የሚባለውን፣ ተሐዋስያንን የሚከላከል ፕሮቲን የሚሠሩ ሕዋሶች አሉ። እያንዳንዷ ሕዋስ የምትሠራው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ሺህ ጠላት ስላለ ሺህ ዓይነት ሠራተኛ ያስፈልጋል። ሕዋሶቹ ይህን ሁሉ ዓይነት ለማውጣት ሲሉ በ14ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለውን የገዛ ራሳቸውን የዘር ክር እየቆረጡ እንደ ገና ይቀጥሉታል። በአካላችን ውስጥ እንዲህ የሚደፍሩ የሕዋስ ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። አናጺ እንጨት ሲቆርጥ አንዳንዴ እጁን እንደሚስት ሁሉ፣ እነዚህም ሕዋሶች አንዳንድ ጊዜ የተቆረጠውን 14ኛ ክሮሞሶም ከ4ኛው፣ ከ11ኛው ወይም ከ16ኛው ቁራጭ ጋር ይቀጥሉታል። ያን ጊዜ በዚያ ቁራጭ ላይ ያለው የመራባት ትእዛዝ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራት በተዘጋጀው ብርቱ ኃይል እየተገፋ ሌት ተቀን ይሠራል።

ይህ ከማይሎማ በሽተኞች የከፊሎቹ ታሪክ ነው። ግማሽ የሚያህሉት ደግሞ ክሮሞሶማቸው በዝቶ ይገኛል። የሚበዙትም እንዲያው ያገኙት ሳይሆኑ በተለይ ጎደሎ ቁጥር ያላቸው፣ 3ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛው፣ 9ኛው፣ 11ኛው፣ 15ኛው፣ 19ኛውና 21ኛው ናቸው። ማሰሮው ውስጥ በርበሬው በዛ እንደ ማለት ነው። የ17ኛው ክሮሞሶም አጭሩ ክንድ የጎደለበት በሽተኛ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ በዚያ ክንድ ላይ የተበላሸች ሕዋስ እንዳትራባ የሚያግድ ጠባቂ ተቀምጧልና። ጠባቂው ከጠፋ በሽታው ይከፋል። ቦቬሪ በ1914 የሚያግዱ ክሮሞሶሞች አሉ ሲሉ የገመቱት እንዲህ ያለውን ነው። ነቀርሳ ከአንዲት ሕዋስ ይነሣል ያሉትም በዚሁ በሽታ ላይ ያለ አጉሊ መነጽር ይታያል። የታመሙት ሕዋሶች ሁሉ የአንዲት እናት ልጆች ስለ ሆኑ የሚሠሩት ፕሮቲን አንድ ዓይነት ነው፤ የበሽተኛው ደም ሲመረመርም ያ ፕሮቲን ከሌላው ተለይቶ እንደ አንድ ሹል ተራራ ብቅ ይላል።

ይህ ዕውቀት ለሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ የሚሆን አይደለም። ዛሬ የማይሎማ ሐኪም በሽተኛውን ምን መድኃኒት እንደሚሰጠውና ምን ያህል አጠንክሮ እንደሚከታተለው ሲወስን የክሮሞሶሙን ሁኔታ ይጠይቃል። ለምሳሌ የ4ኛውና የ14ኛው ልውውጥ ያለበት ሰው ቦርቴዞሚብ የተባለው መድኃኒት ሲታከልለት ይጠቀማል። የማይሎማ ሕዋሶች ቀስ ብለው የሚከፈሉ ስለ ሆነ በቀድሞው ዘዴ ክሮሞሶማቸውን ማየት አስቸጋሪ ነበር። አሁን በተፈለገው የክሮሞሶም ቦታ ላይ እየሄደ የሚጣበቅ፣ የሚያበራ ቀለም ያለው ምልክት ተሠርቶ ሕዋሱ ሳይከፈል እንኳ ይታያል። እንዲህ ያለው ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። በሽታውን ለመጠርጠር ግን የደም፣ የሽንትና የራጅ ምርመራ መነሻ ይሆናል። በሽታው የሚበዛው በዕድሜ በገፉት ላይ ሲሆን፣ ምልክቱ የማይለቅ የወገብና የጎድን ሕመም፣ የደም ማነስ፣ ድካም፣ የኩላሊት መታወክ፣ በትንሽ ነገር የሚሰበር አጥንት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቡና ጆንያ ሲሸከም የኖረ የኮንጋ ሽማግሌ ወገቡን ሲያመው የሸክሙ ነው ብሎ ዝም ማለቱ አይፈረድበትም። ልጆቹ ግን ሕመሙ ለወራት ከቆየና ድካም ከታከለበት ወደ ዲላ ሆስፒታል ቢወስዱት መልካም ያደርጋሉ።

ወደ ቦቬሪ ቤት እንመለስ። ማርሴላ ባልዋ ከሞቱ በኋላ በጀርመን አገር ጥቂት ዓመት ቆይታ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። በኒው ሄቨን ከተማ በአልበርተስ ማግነስ የሴቶች ኮሌጅ የባዮሎጂን ክፍል አቋቁማ ታስተምር ጀመር። እዚያም ሆና ያችን 64 ገጽ መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰቻትና በ1929 አሳተመቻት። ጀርመንኛ የማያውቁ የአሜሪካና የእንግሊዝ ሐኪሞች መጽሐፏን ለማንበብ የበቁት በእርስዋ ድካም ነው። ማርሴላም በ1950 ሞተች፤ የሰው ክሮሞሶም በትክክል ሊቆጠር ስድስት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። መጽሐፏ እንደ ገና ተፈላጊ ስለ ሆነች ሄንሪ ሐሪስ የተባሉ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር በ2008 በአዲስ ትርጉም ከነማብራሪያዋ አሳትመዋታል።